በባሕሩ በኩል ያለው ጎል

ሮዋን ፔትሪ ከጨዋታ ቀን ሁሉ አብልጦ የሚወዳት አንዲት ሰዓት ነበረችው። ደጋፊው ስሙን እየጠራ የሚጮህባት ሰዓት አይደለችም። በመልበሻ ክፍሉ ጥግ፣ አሮጌው የወጌሻ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ቀኝ እግሩን ለቩላ የሚዘረጋባት ሰዓት ናት። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ለራሷ ለቩላማ ጭራሽ።

ቩላ ሮዋን የሚጫወትበት ክለብ፣ የፔሊካኖቹ፣ ወጌሻ ናት። ሙያውን የወረሰችው ከአባቷ ነው፤ ሰውየው ከግሪክ በመርከብ መጥተው ዕድሜያቸውን በዚሁ ክለብ የተጫዋች እግር ሲያሹ የጨረሱ ናቸው። እሷም እንደ እሳቸው ወሬ አታበዛም። ነጩን ፕላስተር በሮዋን ቁርጭምጭሚት ዙሪያ ጥብቅ አድርጋ ትጠመጥመዋለች፣ ጫፉን በጥርሷ ትበጥሰዋለች፣ በመጨረሻ ተረከዙን በመዳፏ ቸብ ታደርግና «ሂድ» ትለዋለች። በቃ ይኸው ነው። ሮዋን ግን ያቺን «ሂድ» እንደ ስንቅ ይዟት ነበር ሜዳ የሚገባው።

እሱ በአውስትራሊያ እግር ኳስ የፊት አጥቂ ነው። ሞላላዋን ኳስ ከሰው ሁሉ ራስ በላይ ዘሎ በሁለት እጁ ይቀልባታል፤ ከዚያ ማንም ሳይነካው ወደ ጎል ይመታታል። በዚህ ሙያ ስሙ ከሜልበርን አልፎ ተሰምቷል። ጎል አግብቶ ወደ ተጠባባቂ ወንበሩ ዞር ሲል ግን ሁልጊዜ የሚያየው የቩላን ጀርባ ነበር። ኳሷ ወደ እሱ መምጣት ስትጀምር ቩላ ጎንበስ ብላ ቦርሳዋን ትበረብራለች፣ ፎጣ ታጥፋለች፣ የሌለ ነገር ትፈልጋለች። «ሥራዋ ስለሆነ ነው እግሬን የምታስረው፤ እኔ ምኗ ነኝ?» ይል ነበር በሆዱ።

አንድ ጊዜ ብቻ ከመልበሻ ክፍሉ ውጪ አብረው ቁጭ አሉ። ከልምምድ በኋላ ነው፤ ከመርከብ ማቆሚያው ጫፍ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ዓሣና የተጠበሰ ድንች ይዘው። የባሕር ወፎቹ ዙሪያቸውን ከበው ይጨቃጨቃሉ። ከዚያ ሆኖ የክለቡ ሜዳ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«አንድ ምስጢር ልንገርሽ?» አላት።

«የሚያሳፍር ከሆነ ይቅርብኝ። አባባ ፊቴን አይቶ ያውቅብኛል።»

«በባሕሩ በኩል ስላለው ጎል ነው።»

«እሱን እንኳ ንገረኝ» አለች እየሳቀች።

በጣቱ አሳያት። ከዚያኛው ጎል ጀርባ አዲሱ ጥላ ፎቅ ከተሠራ ወዲህ ነፋሱ ጠባዩን ለውጧል። ላይ ያሉት ባንዲራዎች ወደ ግራ ሲውለበለቡ፣ ታች በአራቱ የጎል ቋሚዎች ከፍታ ግን ነፋሱ ግድግዳውን መትቶ ይመለስና ኳሷን ወደ ቀኝ ይወስዳታል።

«ስለዚህ መሐል ያሉትን ረጃጅሞቹን ቋሚዎች ትረሺና በግራ ጠርዝ ያለውን አጭሩን ታልሚያለሽ። ሰው የሳትሽ ይመስለዋል። መጨረሻ ላይ ነፋሱ ራሱ ይዞ ያስገባልሻል። ስንት ዓመት አለቀስኩበት መሰለሽ?»

«ይህን ሌላ ማን ያውቃል?»

«እኔ። አሁን ደግሞ አንቺ።»

ቩላ አንዲት ድንች ለወፎቹ ወረወረችና ረጅም ጊዜ ባሕሩን እያየች ቆየች። ሮዋን ሌላም ሊነግራት የፈለገው ነገር ነበረው፤ ምላሱ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ሜዳ ላይ ሦስት ተከላካይ የማይበግረው ሰውዬ አንዲት ሴት ፊት ድንቹን ሲያኝክ ዋለ።

ክረምቱ ሲገባ የታፋው ጅማት ተበጠሰ። እሱ ዱላ ተደግፎ በሚሄድበት ሰሞን ቦታውን ሉካ ሞረቲ የሚባል ጢሙ ገና ያልጠነከረ ልጅ ያዘው። ሉካ በመጀመሪያ ጨዋታው በሰው ሜዳ ሄዶ ሰባት ጎል አገባ። ሰው «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብሎ ይጸልያል፤ ሉካ ሳይጸልይ ነው ያገኘው።

ሮዋን ያን ጨዋታ ከተመልካች ጋር ተቀምጦ አየ። ጎሎቹ አልነበሩም ያሳመሙት፤ ጎልማ ማንም ያገባል። ዓይኑ ተጠባባቂ ወንበሩ ጋ ሄደና ቩላን አያት። ቆማለች። የፎጣዋን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ፣ ልጁ በሮጠበት ሁሉ በዓይኗ እየሮጠች፣ ሲዘል አብራው ከመሬት ልትነሳ ምንም አልቀራት። ቦርሳ የለ፣ ማጠፍ የለ። ሉካ ጎል ባገባ ቁጥር እንደ ልጅ ታጨበጭባለች።

ቀና። ሌላ ስም የለውም። የያዘው ሥጋ የተሞላ ዳቦ በእጁ ውስጥ ቀዝቅዞ ቀረ።

እግሩ ሲድንም ወደ ዋናው ቡድን አልተመለሰም፤ ከሁለተኛው ቡድን ጋር እንዲጫወት ነው የተነገረው። አንድ ቅዳሜ ጃኬቱን ረስቶ ወደ መልበሻ ክፍሉ ጎራ ሲል፣ የእሱ ጠረጴዛ ላይ ሉካ ተቀምጧል። ቩላ ፕላስተሩን በጥርሷ በጠሰችው። የልጁን ተረከዝ በመዳፏ ቸብ አደረገችው።

«ሂድ» አለችው።

ሮዋን ጃኬቱን ሳይወስድ ወጣ። የገዛ ስንቁን ሌላ ሰው ሲበላው ያየ ያህል ነበር የተሰማው። መኪናው ውስጥ ገብቶ መሪውን ጨብጦ ሳይነሳ ብዙ ቆየ።

በዚያው ሳምንት አሰልጣኙ ኬቭ ጠራው። ኬቭ ሸምገል ያለ፣ ነገር ማድበስበስ የማይወድ ሰው ነው።

«ልጁ ጉልበት አለው፤ ቆሞ ሲመታ ግን እግሩ ይንቀጠቀጣል። አስተምርልኝ።»

«እኔ?»

«ታዲያ አያቴን ልጥራ?»

ሮዋን እሺ አለ። አስተማረውም። ትንፋሹን እንዴት እንደሚሰበስብ፣ ኳሷን እንዴት እንደሚይዛት፣ ስንት እርምጃ ወደ ኋላ እንደሚሄድ አሳየው። እውነቱን ለመናገር ጥሩ አስተማሪ ነበር። ልምምዱን ግን ሁልጊዜ የሚያደርጉት በከተማው በኩል ባለው ጎል ነበር። ሉካ አንድ ቀን ወዲያ ማዶ አየና ጠየቀው።

«በባሕሩ በኩልስ አንሞክርም እንዴ፣ ሽማግሌው?»

«ጎል ጎል ነው» አለው ሮዋን። «ምታ።»

ቩላ የውኃ ኮዳዎቹን ይዛ በአጠገባቸው ታልፍ ነበር። ቆም አለች፣ ወደ ባሕሩ በኩል አየች፣ ሮዋንን አየችው፣ ከዚያ መንገዷን ቀጠለች።

የሚፈራው ቀን መጣ። ወይስ የሚመኘው ልበል? ሮዋን ራሱ የትኛው እንደሆነ አያውቅም ነበር። ፔሊካኖቹ በሜዳቸው በሦስት ነጥብ እየተመሩ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሉካ ኳሷን ቀለበ፤ በባሕሩ በኩል፣ ፊት ለፊት። እንኳን እሱ፣ ዓይነ ስውርም ያገባዋል የሚባል ቦታ ነው። ልጁ ባንዲራዎቹን አየ፣ ወደ ቀኝ ትንሽ አረማት፣ መታ። ኳሷ ቀና ብላ ሄዳ ሄዳ ጎሉ ጋ ስትደርስ የሆነ ሰው እጇን ይዞ እንደሳባት ወደ ቀኝ ተወሰደች። በረጃጅሞቹ መካከል ብታልፍ ስድስት ነጥብ ነበር፤ በረጅሙና በአጭሩ መካከል ነው ያለፈችው፣ እሱ ደግሞ አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ተሸነፉ። የገዛ ደጋፊያቸው በልጁ ላይ ጮኸ።

ሮዋን ጥላ ፎቁ ላይ ሆኖ ለአንዲት ቅጽበት ደስ አለው። ወዲያው ሉካ ማሊያውን ፊቱ ላይ ስቦ ሲንበረከክ አየና ደስታው በኖ ጠፋ።

ቩላን ከመልበሻ ክፍሉ ጀርባ፣ እርጥብ ፎጣዎች ስታሰጣ አገኛት። ዞር ብላ አላየችውም።

«ስለ ነፋሱ ነግረኸው ነበር?»

«ስለ የቱ ነፋስ?»

«ሮዋን።»

ፎጣው ላይ ያለው ውኃ እየተንጠባጠበ ነበር።

«አልነገርኩትም» አለ በመጨረሻ። «ለእኔስ ማን ነገረኝ? ራሱ ይድረስበት።»

«ሲያለቅስ አይተኸዋል? መታጠቢያው ውስጥ ውኃ ከፍቶ እያለቀሰ ነው፤ ሰው እንዳይሰማው።»

«ለሱ እንዲህ የምትቆረቆሪው ለምንድን ነው ታዲያ?»

«በል፣ ጨርሰው።»

«ዓይንሽን ከሱ ላይ አትነቅይም። ደጋፊው ሁሉ ያያል።»

አሁን ዞረች። ተቆጥታ ቢሆን ይሻለው ነበር፤ ፊቷ ላይ ያለው ግን ድካም ነበር።

«ደጋፊው ነው ያየው?» አለችው። «ያን ቀን ምስጢሩን ስትነግረኝ ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ። እኔን አመነኝ ብዬ። ዛሬ ምነው ባልነገረኝ አልኩ።»

ባዶውን ቅርጫት አንስታ ገባች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ሮዋን ፎጣዎቹ መሐል ብቻውን ቆሞ ተረቱ የተተረተው ለእሱ መሆኑ ገባው።

በማግስቱ ሊናገር ወስኖ ነበር፤ ሉካ ራሱ ቀደመው። ቤቱ ድረስ መጥቶ በሩን አንኳኳ። በእጁ በጨርቅ የተሸፈነ ሰፊ ሳህን ይዟል።

«ላዛኛ ነው። እናቴ ናት የላከችው፤ ለአስተማሪህ አለች።» ከዚያ አንገቱን ደፋ። «ይቅርታ፣ ወንድሜ። ያን ሁሉ ለፍተህብኝ አሳፈርኩህ።»

ሮዋን አፉን ከፈተ። ቃሉ እዚያው ነበር፤ መናገር ብቻ ነው የቀረው። ሳህኑ በእጁ ላይ ትኩስ ነበር፣ የልጁም ዓይን ቀና ብሎ ያየዋል። «እናትህን አመስግንልኝ» ብቻ አለና በሩን ዘጋ። ከላዛኛው አንድ ጉርሻ አልወረደለትም።

ሐሙስ ዕለት ኬቭ የሚሰለፉትን ስም አነበበ፤ የሮዋን ስምም አለበት። ሲጨርስ ወደ ጎን ወሰደው።

«ልጁን ከጎንህ አቆመዋለሁ። አንተ ግን የመጨረሻህ ነው፤ ለሚቀጥለው ዓመት ውል የለም። ከሌላ ሰው እንድትሰማው አልፈለግኩም።»

«አውቄዋለሁ።»

«በሜዳህ ተሰናበት ብዬ ነው።»

የተመኘውን አገኘ ማለት ነው፤ ቦታውን፣ ማሊያውን፣ ያንን ጠረጴዛም። የጨዋታው ቀን እግሩን ዘረጋ። ቩላ ፕላስተሩን ጠመጠመችው፣ እንደ ድሮው ጥብቅ አድርጋ። ጫፉን በመቀስ ቆረጠችው። ተረከዙን ሳትነካው ተነስታ ወደሚቀጥለው ተጫዋች ሄደች።

ሮዋን ጫማውን አስሮ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ምን እንደሚጠብቅ ግን ያውቃል፤ አልመጣም። እንዲህ ሆኖ ነው ወደ ሜዳ የወጣው።

ጨዋታው የሞት ሽረት ነበር። ሮዋን ሦስት አገባ፤ ሁለቱን በባሕሩ በኩል፣ የግራውን አጭር ቋሚ እያለመ። ባገባ ቁጥር ደጋፊው አበደ፣ እሱ ግን ሉካ ከአጠገቡ ቆሞ በመገረም ሲያየው ዓይኑን ያሸሽ ነበር። ሊያልቅ ሲል ተጋጣሚዎቹ ፔሊካኖቹን በአራት ነጥብ ይመሩ ነበር። የመጨረሻዋ ረጅም ኳስ ከመሐል ሜዳ ተነሳች፣ ወደ ባሕሩ በኩል።

ሮዋን ከሁሉም ቀድሞ አያት። የት እንደምትወርድ ያውቃል፤ ዕድሜውን የኖረው ይህን ለማወቅ ነው። «የመጨረሻዬ ናት፣ የኔ ናት» እያለ ሮጦ ተነሳ። ጣቶቹ ሊነኳት ሲሉ ትከሻው ላይ ጉልበት አረፈበት። ሉካ ከኋላው መጥቶ በሱ ላይ እንደ መሰላል ወጥቶ ነበር። ልጁ ከሰማይ ላይ ቀለባት፤ ሮዋን በጀርባው ሣሩ ላይ ተዘረረ። የማብቂያው ሳይረን ጮኸ። ኳሷ ግን በሉካ እጅ ናት፤ ሕጉ ነው፣ አንድ ምት አለው።

ሮዋን ዓይኑን ሲገልጥ የቩላ ፊት ከላዩ ነበር። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

«ይታይሃል? ስሜን ጥራ።»

«ቩላ።»

«አትነሳ።»

ሉካ ኳሷን ይዞ ወደ ኋላ እየሄደ ነበር። ባንዲራዎቹን አየ፤ ወደ ቀኝ አረማት፤ ልክ እንደ ባለፈው። እግሩ ይንቀጠቀጣል።

«ተይኝ» አላት ሮዋን፣ ትከሻዋን ተደግፎ ተነሳ። እያነከሰ ልጁ ጋ ሄደ። ጓደኞቹ ሁሉ በዙሪያው ቆመው ይሰማሉ፤ እሱም ድምፁን አልቀነሰም።

«ባንዲራውን ተወው፤ ይዋሻል። በግራ ያለውን አጭሩን ቋሚ አልመህ ምታ። ነፋሱ ይመልሳታል።»

ሉካ ግራ ተጋብቶ አየው። «አጭሩን? አጭሩን ከመታሁ እኮ...»

«ዛሬ ሁለቴ ሳደርገው አላየህም?»

«አየሁ። እንዴት እንደሆነ ግን...» ልጁ ቆም አለ። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ቀስ ብሎ በራ። «ባለፈው ሳምንትም ታውቀው ነበር?»

«አውቀው ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ቀንቼብህ ነው» አለ ሮዋን። «አሁን ምታ። ከዚያ የፈለግከውን ታደርገኛለህ።»

ሉካ ዞረ፣ ትንፋሹን ሰበሰበ፣ እንደተማረው እርምጃውን ወሰደ፣ መታ። ኳሷ ወደ ግራ ስትሄድ ሕዝቡ በአንድ አፍ አቃሰተ። ሄደች፣ ሄደች፣ አጭሩን ቋሚ ልትስም ስትል ነፋሱ ያዛት። በረጃጅሞቹ መካከል ገባች።

ሁሉም ሉካ ላይ ተከመረ። ልጁ ግን ሰዉን ገፍቶ ወጣና ቀጥታ ወደ ሮዋን መጣ። ደረቱን በሁለት እጁ ገፈተረው፤ ሮዋን ወደ ኋላ ተንገዳገደ። እንደገና ገፈተረው። ሮዋን እጁን አላነሳም።

«ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልተኛሁም» አለው ሉካ።

«ይገባኛል።»

«እናቴ ላዛኛ ሠራችልህ።»

«አልበላሁትም።»

«እሱማ ኃጢአት ነው» አለ ልጁ፣ ሳይፈልግ ሳቅ አፈነው። ከዚያ ፊቱን በክንዱ ጠረገና ጎንበስ አለ። በዚህ አገር የሚሰናበት ተጫዋች ከሜዳ በእግሩ አይወጣም፤ ጓደኞቹ በትከሻቸው ተሸክመው ያወጡታል። «ውጣ፣ ሽማግሌው። ቅድም እኔ ወጥቼብሃለሁ፤ ተራህ ነው።»

በሉካና በሌላ ተጫዋች ትከሻ ላይ ሆኖ ሮዋን ተጠባባቂ ወንበሩን አየ። ቩላ ጀርባዋን አልሰጠችውም። ፎጣዋን በጥርሷ ነክሳ፣ ቆማ ታየው ነበር።

መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ጫጫታው ሲበርድ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። መቀሷን ይዛ መጣች። ፕላስተሩን ከላይ ጀምራ ቀስ ብላ ትቆርጠው ጀመር።

«ሉካን ዓይንሽን ሳትነቅዪ ታዪዋለሽ» አላት። «የኔን ጨዋታ ግን አንድ ቀን አይተሽልኝ አታውቂም። እሱ ነው ያቃጠለኝ። ሰበብ አይሆንም፤ ግን እሱ ነው።»

መቀሷ ቆመ።

«እዚህ የመጣሁ ዓመት ራስህን ተመትተህ ወደቅክ። እግርህ ብቻውን ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኳሷ ወደ አንተ ስትመጣ ማየት አልችልም። ጎንበስ እላለሁ። ሰዉ ትንፋሹን ሲተነፍስ በሰላም ወርዷል እላለሁ።»

«ሉካስ?»

«ስለ ሉካ ምን ያስፈራኛል? ደስ የሚል ልጅ ነው፣ ሲጫወት ያምራል፣ አየዋለሁ።» ፕላስተሩን ቆረጠች። «ዛሬ የመጨረሻህ ነው ብዬ ዓይኔን ጨክኜ ከፈትኩ። ያየሁትም ስትወድቅ ነው።»

ሮዋን ለስንት ክረምት ጀርባዋን እያየ ተቀየመ፤ ለካ ጀርባዋን የምትሰጠው ስለምትወደው ነበር።

«ያቺ ‹ሂድ› ግን...» አለ። «ለኔ ብቻ መስላኝ ነበር።»

«ለሁሉም ነው የምለው። አባባም ይል ነበር። ቸብ ሲሉት ፕላስተሩ ደህና ይይዛል።»

ሳቀ፤ ትከሻው አመመው። እሷም ሳቀች፣ ዓይኗ ግን ሞልቶ ነበር።

«በልጁ ላይ ያደረግከው ክፉ ነገር ነው» አለችው።

«ነው።»

«ደግመህ ብትቀና መጥተህ ለኔ ንገረኝ። ነገሩን ውስጥህ አታብስለው።»

«እሺ።»

የመጨረሻው ፕላስተር ወደቀ። ባዶ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ክር ያሰሩበት ይመስል ቀይ መስመሮች ቀርተዋል። ቩላ መቀሷን ኪሷ ከተተች፣ ጃኬቷን ከመስቀያው አነሳች፣ ተመልሳ መጣችና ባዶ ተረከዙን በመዳፏ ቸብ አደረገችው።

«ና» አለችው።